ሩጫ ያስተማሩኝ ለቀስተኞች

ሩጫ ማን አስተማረህ ትሉኛላችሁ። ጣሊያን እንዳይመስላችሁ፤ ለቀስተኛ ነው! በዚያ በጣሊያን ጊዜ፣ አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ቡሬ ጫካ ላሉት አርበኞች ከጅጋ ወረቀት አድርስ ተባልሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ሁለት ቀን ፈጀ። በየደጁ «ጠላ ሳትቀምስማ አታልፍም!» እያሉ ያስገቡኛል፤ እምቢ ማለት ደግሞ ነውር ነው። የአርበኞቹ አለቃ ፊታውራሪ «ሁለተኛ ጠላ ጠላ እየሸተትህ ብትመጣ አንተዋወቅም!» አሉኝ።

በሁለተኛው ጉዞ መላ አገኘሁ። ለቀብር ሰው ሊጠራ የተላከ መልእክተኛ በየቤቱ ገብቶ አይቀመጥም። ማንኩሳ ላይ አንዲት ባልቴት «አረፍ በል እንጂ ልጄ» ቢሉኝ፣ «ለቀብር ሰው ልጠራ ነው እናቴ!» ብዬ ሮጥሁ። ለካስ የባሰ አመጣሁ! «ኧረ ማን ሞተ?» ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉኝ፤ መንደሩም እየጮኸ ተከተላቸው። ጩኸቱን ጣሊያን ከሰማ አለቅን ብዬ ብፈጥን፣ እነሱም ፈጠኑ። አንዴም ሳልቆም ጫካው ገባሁ። ፊታውራሪ ወረቀቱን ተቀብለው «ዛሬስ ጎበዝ ነህ፤ ገና እኩለ ቀን አልሆነም!» ሲሉኝ፣ ባልቴቷ መንደሩን ከኋላ ጥለው እያለከለኩ ደረሱ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም እናቴ፤ ጠላ ሽሽት ነው» አልሁ አንገቴን ደፍቼ።

«ጠላ ሽሽት!» ብለው ለሐዘንተኛው ቤት ብለው ያዘሉትን የጠላ ቅል ከጀርባቸው አወረዱ። «በል፣ አሁን ትጠጣታለህ!»

ፊታውራሪን ፈራ ተባ እያልሁ አየኋቸው። ጫካ ከገቡ ጀምሮ ጠላ ቀምሰው አያውቁም። ቅሉን በዓይናቸው እየተከተሉ «ጠጣ እንግዲህ፣ ምን ታደርጋለህ» አሉኝ፤ «ብቻ እንዳትጨርሰው።»