«ተሳክቷል» የሚለው ሰርቨር
ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ገበሬው በስልክ መልእክት ለምርጥ ዘር የሚመዘገብበትን ሲስተም ሠራሁ። ሰርቨሩ ሲበላሽ ለገበሬው «አልተመዘገቡም፣ እንደገና ይሞክሩ» ይላል፤ ስህተቱንም ለኃላፊው ሪፖርት ያደርጋል። ኃላፊ ተብዬው ሪፖርቱን ሲያይ የአንገቱ ደም ሥር ተገታተረ። «ይሄን ሁሉ ስህተት ይዤ ግምገማ ልግባ? ምንም ይፈጠር ምን ‹ተሳክቷል› ይበል!» አለኝ። እኔ ጀግናውም እንጀራዬን ብዬ ቀየርኩት። በግምገማው ተጨበጨበለት።

ዘሩ ሲከፋፈል፣ ከቢስቲማ የመጡ አንድ ሽማግሌ ስማቸው ከመዝገቡ ታጣ። ስልካቸውን ፊቴ ደቅነው «ተሳክቷል ይላል እኮ!» አሉኝ። «አባባ፣ ያን ቀን ሰርቨሩ ተበላሽቶ ነበር» አልኳቸው። «ታዲያ ለምን ዋሸኝ?» «ምንም ቢፈጠር ‹ተሳክቷል› በል ተብሎ ነው» አልኳቸው። ባዶ ጆንያቸውን እያጣጠፉ፣ «ወላሂ፣ ማሽኑንም ካድሬ አደረጋችሁት!» አሉኝ።