የአዴ ሞሚና ጫጩቶች

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም ሳወራው ፊቴን ያቃጥለኛል። ጭሮ ከተማ ፊዚክስ ሳስተምር፣ በተከራየሁበት ግቢ አዴ ሞሚና የሚባሉ ዶሮ እያረቡ የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ቆጣሪያችን የጋራ ስለነበረ፣ ከጫጩቶቻቸው ካርቶን በላይ ሌት ተቀን የሚበራው ቢጫ አምፖል ያንገበግበኝ ነበር። አንድ ቀን ቆጣቢ አምፖል ገዝቼ ሄድኩ።

«ይሄ ጫጩቶቼን ያሞቅልኛል?» አሉኝ።

«አምፖል አይደል እንዴ፣ አዴ!» ብዬ ቀየርኩት።

«እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብለው መረቁኝ።

ሲነጋ ጫጩቶቹ በሙሉ በብርድ ደርቀው ሞተዋል። አምፖሉን ነካሁት፤ ለብ እንኳ አላለም። አዴ ሞሚና ግን ውሃ ወደምትቀዳላቸው ጎረቤታችን ወደ ጫልቱ በር እያዩ፣ «ትናንት ‹ሲያምሩ!› ብላ ነበር። ዓይኗ ነው የጨረሰብኝ። ወላሂ፣ ከእንግዲህ ደጄን አትረግጥም!» አሉ። አምፖሉ ነው ማለት አቃተኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ገብቼ፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ «ቢጫ አምፖል አብዛኛውን ኃይል በሙቀት ያባክናል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቼም ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።