የሚኒባሱ ቢጫ ምልክት

ሄሎ... አቤት አባባ። ይሰሙኛል?... እኔም እሰማዎታለሁ። ጋራዥ ነኝ፣ የሰው መኪና ፈትቼ። ደህና ነዎት?...

እንደገና በራ? የቱ?... የመብራቱ ምልክት። እሺ። አሁን ነው የበራው?... ከጠዋት ጀምሮ። የት ቆመዋል?... ትምህርት ቤቱ በር ላይ። ልጆቹ ሊወጡ ስንት ደቂቃ ቀራቸው?... ሃያ። ይበቃናል፣ አይጨነቁ።

— እትዬ፣ ይቅርታ፣ አባቴ ናቸው። የመኪናዎን ሞተር አሁን መልሼ አስረዋለሁ።

አለሁ አባባ። አይ፣ አምፖሉ አልተቃጠለም። ባለፈው ነግሬዎት የለ? የድሮው አምፖል ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላ ነበር፣ ይሄ ኤልኢዲው ቅምሻ ይበቃዋል። መኪናው ታዲያ ቅምሻዋን ሲያይ «አምፖሉ ሞቷል» ብሎ ይጮሃል። ለዚህ ነው እሁድ በሁለቱም በኩል ሬዚስተር አስሬ ያታለልኩት... አዎ፣ ያቺ ትርፍ ኤሌክትሪክ የምትበላው ትንሿ ብረት። እሷ ላልታ እንደሆነ እንየው።

ዳሽቦርዱ ላይ ጽሑፍ አለ አይደል? ግራ ነው የሚለው ቀኝ?... «ያው የበፊቱ» አይበሉኝ፣ የበፊቱን አጥፍቼዋለሁ... ቢጫማ ሁሉም ቢጫ ነው። ያንብቡልኝ... ፀሐይ ካስቸገረዎት በእጅዎ ይከልሉት... ከለሉት? እሺ፣ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ይንገሩኝ።

አባባ?...

የምን መነጽር? መቼ መነጽር ኖሮዎት ያውቃል?...

እሺ። አጠገብዎ ማን አለ?... ጥበቃው። እስቲ ስልኩን ይስጧቸው። ግድ የለም፣ አንድ ቃል ነው።

ሄሎ፣ እንደምን ዋሉ፣ ልጃቸው ነኝ። እስቲ ወደ መሪው ጠጋ ብለው የበራውን ጽሑፍ ያንብቡልኝ። የግራ መብራት ነው የሚለው የቀኝ?...

ምን?... እስቲ ይድገሙልኝ... «የኋላ በር አልተዘጋም»። ስለ መብራት የሚል የለም? ምንም?... በሩን ይዩልኝ እስቲ... ገርበብ ብሏል። በአንድ ጣት ይከፈታል... እግዜር ይስጥልኝ። ለአባቴ ይመልሱልኝ።

— እትዬ፣ አንዴ ወንበሩ ላይ ልቀመጥ። አይ፣ ደህና ነኝ።

አባባ። አይቆጡ፣ ቀስ ብለን እናውራ። ዛሬ ጠዋት አሥራ አራት ልጅ ጭነው ነው በዚያ በር የነዱት። በሩ ሥር የምትቀመጠው የኔ ልጅ ናት... አልወደቀችም፣ ተመስገን። እሱን አይደለም የምልዎት። «በር አልተዘጋም» ተብሎ ፊት ለፊትዎ ተጽፎ ዋለ ነው የምለው።

ዓይንዎ የደከመው ከመቼ ጀምሮ ነው?...

አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ?...

ሁለት ዓመት።

እናቴ ታውቃለች?... እሺ... አዎ፣ መንገዱን በቃልዎ ያውቁታል፣ ማን ይክዳል? ሠላሳ ዓመት ነድተውበታል። መንገድ በቃል ይታወቃል አባባ። ሮጦ የሚሻገር ልጅ ግን በቃል አይታወቅም።

አይ፣ እርስዎን ብቻ አልወቅስም። «መብራቱ ደከመ» ሲሉኝ አምፖል ቀየርኩ። «አሁንም ጨለማ ነው» አሉኝ፣ ኃይለኛውን ኤልኢዲ ገጠምኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ገብቶኝ ነበር። መብራቱ የጋራዡን ግድግዳ ነጭ አድርጎት፣ እኔ ዓይኔን ስሸፍን እርስዎ «በራ እንዴ?» አሉኝ። ያኔ አፌ ላይ መጥቶ ዋጥኩት። ሬዚስተር ማሰር ቀለለኝ... ፈራሁዎታ። አባቱን «አያዩም» ብሎ ማን ይጀምራል?

ደወሉ ነው?... ሰማሁት።

አይሆንም። ለዛሬ ብቻም ቢሆን አይሆንም... እኔ እንዳልመጣ መኪናዬን ይሄ ሞተሩን የፈታሁት መኪና ዘግቶባታል። በእግሬ ብሮጥ ሰዓት ይፈጅብኛል። ታስሬ ነው ያለሁት... አዎ፣ አባቴ ነዎት። ቃልዎን ጥሼ አላውቅም። ዛሬ ግን አልሰማዎትም። ቁልፉን ይንቀሉና ለጥበቃው ይስጡ... ይስደቡኝ፣ ግድ የለም። ብቻ ቆመው ይስደቡኝ፣ እየነዱ አይሁን...

አባባ? ሞተር ነው የምሰማው?... አባባ!... ሄሎ?... ሄሎ?...

ጥበቃው ነዎት? አባቴ የት ናቸው? ሄዱ?... የሌላ መኪና ነው? እፎይ... ስልኩንና ቁልፉን ወረወሩልዎት። ቁልፉን ይያዙልኝ፣ ለማንም እንዳይሰጡ፣ ለእሳቸውም ጭምር። ልጆቹን ግቢ ያስገቡልኝ፣ ለትምህርት ቤቱም ለወላጆቹም እኔ ደውዬ እነግራለሁ... መንገዱ ዳር ብቻቸውን ቆመዋል? ፊታቸውን አዙረው... ገባኝ። ሰው ባይጠጋቸው ይሻላል። ልጄን ይጥሩልኝ፣ ቀይ ቦርሳ አንግታለች።

የኔ እናት፣ አባዬ ነኝ። አይ፣ ምንም አልሆነም። አያትሽ ይታዩሻል?... ሂጂና እጃቸውን ያዢ። «ብቻዬን ፈራሁ፣ ግቢ አስገቡኝ» በያቸው... አውቃለሁ እንደማትፈሪ። አንቺ ብቻ እንዲያ በያቸው። ደረጃው ጋ ስትደርሱ ቀድመሽ ውጪና ጮክ ብለሽ ቁጠሪ፣ አንድ፣ ሁለት እያልሽ... አዎ፣ እንደ ጨዋታ። ስንት ነው ደረጃው?... አራት። አራቱንም ቁጠሪላቸው፣ አትዝለይ። እሺ የኔ እናት፣ ስልኩን መልሺና ሂጂ። ቀስ ብለሽ።