የሰፊዋ ትኩሳት

ያን ቀን የገባሁት ፂሜን ልላጭ ብቻ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ፣ ሰፈሩ «ጋሽ ወሬ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ ግማሽ ጉንጬን እንደላጩኝ የእህታቸው ልጅ ከተፍ አለች። ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ከመጋረጃው ጀርባ የሚስታቸው ማቃሰት ይሰማል።

«አጎቴ፣ እትዬን ጤና ጣቢያ ለምን አይወስዷቸውም?»

«ወስጄስ? ‹የሰፊዋ ትኩሳት ያዛት› ይበሉኝ? ከዚያ በኋላ ደጄን የሚረግጥ አለ?»

«ስሙን ያወጣው ማን ሆነና!»

ሽማግሌው ምላጩን አስቀመጡ። እውነቷን ነው። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሰሞኑን ሰፈሩን በያዘው አዲስ ትኩሳት ከሁሉ ቀድማ ስለታመመች፣ እዚሁ ወንበር አጠገብ ቆመው ለቀልድ ያወጡት ስም ነው። ሴትዮዋ ከዳነች በኋላ እንኳ ጨርቅ የሚያመጣላት ጠፋ። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል!

«ታዲያ በሽታ ስም አይውጣለት?» አሉ ተቆጥተው።

«ይውጣለት እንጂ! ግን በሰው፣ በአገር፣ በሙያ አይሁን ይላሉ ሊቃውንቱ፤ በሚያሳየው ምልክት ይጠራ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ደግሞ የራሱ ስም አለው። ኤድስ በሽታው፣ ኤችአይቪ ቫይረሱ አይደል?»

«ለማይታይ ነገር ስም? በምን አውቀውት?»

«በዘሩ ነዋ! በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ አይታይም። ግን በውስጡ እንደ ፊደል የተደረደረ መመሪያ አለ። ያንን አንብበው ከሌሎቹ ጋር ሲያስተያዩት ቤተሰቡ፣ የቅርብ ዘመዱ ይታወቃል። ስሙም ቤተሰቡን ተከትሎ ይወጣለታል።»

«ዘመድ አለው በይኛ!» ሽማግሌው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔም ያን ሁሉ ተምሬ እንዲህ አስቤው አላውቅም፤ ገላዬን ውርር አደረገኝ። ከአቧራ ቅንጣት እጅግ ያነሰ ነገር፣ የዘር ሐረጉ ይነበብ! የፈጣሪ ሥራ ይደንቃል፤ አንባቢው የሰው ልጅም ይደንቃል።

«ይኼ ሁሉ ዘመድ እያለው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «እኛ ሰፊዋን ዘመዱ አደረግናት። አሁን ደግሞ ስም ፈርተን እትዬ ሊሞቱብን ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ደካማ ድምፅ መጣ፦ «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ስም አልፈራም። ውሰደኝ።»

ጋሽ ወሬ እንባቸው እየወረደ ሚስታቸውን ደግፈው አወጧት። የልብስ ሰፊዋ በር ላይ ሲደርሱ ቆሙና ጎረቤቱ ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ፦ «የሰፊዋን ስም በከንቱ ያጠፋሁት እኔ ነኝ! ስሙ የሰፊዋ ሳይሆን፣ ገላ ላይ ሽፍታ የሚያወጣ ትኩሳት ነው፤ ማንንም ይይዛል፤ የእኔም ቤት ገብቷል! የታመመ አይደበቅ፣ ይታከም!»

በየጓዳው የተደበቁት በሽተኞች መውጣት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ስም ሲቃና ሐኪም በሽተኛውን በጊዜ ያገኛል፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን አያጣም።

ያን ዕለት ግን ከሁሉ ቀድማ ከቤቷ የወጣችው ሰፊዋ ናት። መጥታ የሽማግሌውን ሚስት ሌላኛውን ክንድ ያዘች።

«ቀስ ይበሉ፣ እትዬ፤ ድንጋይ አለ» አለች። «የጤና ጣቢያውን መንገድ አውቀዋለሁ። እኔ የሄድኩት ብቻዬን ነበር።»