መስታወት ላይ የተለጠፈው ገጽ

ከዚራ ሰፈር አንድ መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ድሬዳዋ ውስጥ ድርሰት የጻፈ ሁሉ አዲስ አበባ ላሉ አሳታሚዎች እንዲያቀርብለት ለእሱ ይሰጠዋል። እኔም ልብ ወለዴን ወሰድኩለት። ሳያነበው የመጀመሪያውን ገጽ የሱቁ መስታወት ላይ ለጠፈና "ቁም፣ እንይ" አለኝ።

ሰው ሁሉ ገልመጥ እያደረገው ያልፋል። በመጨረሻ አንድ የባቡር ሠራተኛ ብስክሌቱን እንደያዘ ቆሞ እስከ ታች አነበበው። "አቦ! ይሄ ሰውዬ ምን አጥፍቶ ነው ይቅርታ የሚለምነው?"

ለካ መቅድሜ ነው! ስህተት ቢገኝብኝ አንባቢ ይቅር እንዲለኝ የተማጸንኩበት።

"ታሪኩን ንገረው እንጂ" አለኝ ባለሱቁ።

"ሙሽራው ሠርጉ ሲቃረብ ባቡር ተሳፍሮ ይጠፋል..." አልኩ እየተንተባተብኩ።

ሰውየው ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ባለሱቁ መቅድሜን ከመስታወቱ ላይ አንስቶ መለሰልኝና "ከባቡሩ የሚጀምር ገጽ ነገ ይዘህ ና" አለኝ።

ልሄድ ስል ባለብስክሌቱ ክንዴን ያዘኝ። "አቦ፣ ወዴት ነው? ሙሽሪትስ?"