እበት የጠገበው ሩዝ

«ሩዝ እንሰት አይደለም አልኩህ፣ ሰውዬ!» እያለች ዘነበች፣ ይቺው ባለቤቴ፣ ትጮኻለች፤ እኔ ደግሞ እበት የሞላ ጆንያ ተሸክሜ «ዞር በይ፣ ይፈስብሻል!» እላለሁ። በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ባልና ሚስት የሚጣሉት በሌላ ነገር ነበር፤ እኛ ግን በስተርጅና በእበት ተጣላን።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ እዚህ አስኮ፣ ከጓሯችን በታች ወንዙ ዳር ያለችውን ረግረግ ታውቋት የለ? ምራቴ የፎገራ ልጅ ናት፤ የሩዝ ዘር አመጣችልኝና ዘራሁ። የመጀመሪያው ዓመት እሰይ ነው፣ ሁለተኛውም ደህና፣ በሦስተኛው ግን መሬቱ ደከመ፤ ሩዙ የወባ በሽተኛ መስሎ ቢጫ ሆነ። ታዲያ ዘነበች ምን አለች? «ዘንድሮ ፍሬ ካልሰጠህ መሬቷ የኔ ናት፣ ጎመን እተክልባታለሁ።» እኔም በጎረቤት ፊት «እሺ» ብዬ ማልኩ። ማልኩ እኮ!

ምራቴ መጥታ አየችና፣ በዚያች በቀጭን ድምጿ፣ «አባባ፣ ገለባውን በሙሉ ለሰው ላም እየሰጡ እኮ ነው መሬቱ የደከመው። ገለባውን እዚያው ይቅበሩት፤ የበሰበሰ ፍግም ትንሽ ይጨምሩ፣ እንዳያበዙ ግን» አለችኝ። እንዳያበዙ! እኔን! እኔ የጉራጌ ልጅ፣ እናቴ እንሰቱን ከሥሩ እበት ስታጎርሰው እያየሁ ያደግኩት! እንሰት «በቃኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አልሰማችሁም።

ታዲያ ላም ከሚያረባው ጎረቤቴ ከሽብሩ በረት፣ ትኩስ ትኩሱን እበት፣ ዛሬም በጆንያ፣ ነገም በጆንያ፣ ከነገ ወዲያም በጆንያ። ሰፈሩ ሸተተ፣ ልጆቼ! የታክሲው ረዳት ፌርማታው ጋ ሲደርስ አፍንጫውን ይዞ «ወራጅ አለ? ከሌለ መስኮት ዝጉ!» ይላል። እና ሩዙ አደገ፤ ኧረ አደገም አይባል፣ ወገቤ ደረሰ! ሽብሩ አየና «ጋሼ፣ ይሄ ሩዝ ነው ወይስ ሸንኮራ?» አለኝ። እኔም ዘነበችን «የጎመን ዘርሽን ለዶሮ ስጪው» አልኳት።

ታዲያ አንድ ቀን ነፋስ መጣ፤ ሩዜም እንደ ሰካራም ጋደም አለ። ምራቴ ጎንበስ ብላ አገላበጠችው፣ አገላበጠችውና «አባባ... ቅጠል ብቻ ነው» አለች። እፍኝ ፍሬ የለውም! በማግስቱ የሽብሩ ላም ገብታ ሙልጭ አድርጋ በላችው። ያበደረችንን አስመለሰች በሉት።

መሬቷም ለዘነበች ሆነች። እና ጎመኑን እዩት! ይሄ ፊቴ ያለው፣ ሳይከተፍ እኮ አንዱ ቅጠል ጃንጥላ ያክል ነበር። አሁን እናንተ ፍረዱኝ፤ መሬቷን ያዳናት ማነው? እበቱን የተሸከመው የማን ጀርባ ነው? እሷ ችግኝ ሰካች፣ አለቀ። እውነቱ ከተነገረ ይሄ የእኔ ጎመን...

ዘነበች? ወዴት ነው? ኧረ ሳህኑን! ገና መች ጠገብኩ!

እማማ ዘነበች ጎመኑን ይዘው ጓዳ ገቡ።