የማያልበው ሞተር

ሰፈሩ «ጋሼ ቅናሽ» የሚላቸው አናጺ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ ሲገቡ የተቃጠለ ሞተር በመሐረብ ቋጥረው ይዘው ነበር። ስሙ የወጣላቸው ከሰላምታ በፊት «ቅናሽ የለውም ወይ?» ማለት ስለሚቀናቸው ነው። ሐኪም ቤት ካርድ ሲያወጡ ሳይቀር ብለዋል ይባላል፤ እሳቸው ግን ይህ ስም ማጥፋት ነው ባይ ናቸው።

መሐረቡን ባንኮኒው ላይ ፈቱና፣ «እስቲ የዚህን ወንድም ስጠኝ» አሉት ሻጩን።

«ደግሞ ተቃጠለ እንዴ ጋሼ? ይኼ እኮ ሦስተኛዎ ነው!»

«ሠርቶ ነው የሞተው። ሠርቶ የሞተ አይታማም።»

ከጎናቸው የመዳብ ሽቦ ስታስመዝን የነበረች ወጣት ሳቋ አመለጣት። ዞር ሲሉ ጎረቤታቸው ናት፤ ከእሳቸው ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው። ሥራዋ የተቃጠለ ሞተር ፈትታ ሽቦውን እንደ አዲስ መጠቅለል ነው፤ ሙያውን በቴክኒክ ትምህርት ቤት በደንብ ተምራዋለች። ሞተር ስለምትጠቀልል ሰፈሩ «ጠቅላይዋ» ይላታል። ሚኒስትርነቱ ብቻ ነው የቀራት።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በእርስዎ አይደለም የሳቅሁት።»

«በሟቹ ነዋ! ይሁን፣ እሱ አይቀየምሽም።»

ጠቅላይዋ ሟቹን አንስታ አገላበጠችው፣ አሸተተችው። «ለየትኛዋ አውሮፕላን ነው የሚገዙት?»

«ለትልቋ። እሑድ ትበራለች።»

ጋሼ ቅናሽ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሬዲዮ የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከእንጨት ይሠራሉ። እሑድ እሑድ ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ ከጥቂት ጓደኞቻቸው ጋር ያበርራሉ። ይህችኛዋ ግን እንደ ሌሎቹ አይደለችም። ክንፏ ሲዘረጋ ቁመታቸውን ያህላል፤ ሰባት ወር ፈጅታለች። ለማንም ያልነገሩት ደግሞ አንድ ነገር ነበር። የዓይን ሐኪሙ «የሄደው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን» ብሏቸዋል። የዚህችን አውሮፕላን ክንፍ ያጣበቁት ከማየት ይልቅ በመዳሰስ ነበር። ይህች ከወደቀች ሌላ አይሠሩም፤ አበቃ።

«ጋሼ፣ ያቺን የሚያህል አውሮፕላን በዚህ ሞተር?» አለች ጠቅላይዋ። «ቢያነሳት እንኳ ብዙ አያቆያትም። ያንኛውን ይዩት እስቲ።»

ሻጩ ቶሎ ብሎ ከመስታወቱ ውስጥ ሌላ ሞተር አወጣ፤ ትንሽ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሦስት ሽቦ ያለው። ዋጋውን ሲነግራቸው ጋሼ ቅናሽ ባንኮኒውን ያዙ።

«በዚህ ዋጋ የኔን ዓይነት አራት አልገዛም እንዴ?»

«የራሱ መቆጣጠሪያም ለብቻ አለው ጋሼ፤ ያለሱ አይሠራም» ሲል ሻጩ ጨመረበት። አንዳንድ ሰው መቼ ዝም እንደሚባል አያውቅም።

«ዘንድሮ አያልቅበት!» ብለው ሊወጡ ሲሉ ጠቅላይዋ በትሕትና መንገዳቸውን ያዘች።

«አይግዙት ጋሼ። ግን ሱቄ እዚሁ አጠገብ ነው፤ ሁለቱንም እንሞክርና ይፍረዱ።» ወደ ሻጩም ዞር ብላ፣ «ከተበላሸ በኔ ይሁን» አለችው። ሻጩም ያውቃታልና አንድ አዲስ ርካሽ ሞተር፣ ውዱንም ከነመቆጣጠሪያው ሰጣት።

ሱቋ ጠባብ ናት፤ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ትሸታለች። የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ጠረጴዛው ላይ የአንድ የውኃ ፓምፕ ሆድ ዕቃ ተዘርግፏል። ለእሳቸው ወንበሩን ጠርጋ ሰጠቻቸው፤ እሷ ቆመች።

ጋሼ ቅናሽ ውዱን ሞተር መዳፋቸው ላይ አድርገው ከፍ ዝቅ አደረጉት። «ይኼ'ኮ እፍ ቢሉት ይሄዳል። ቀላል እንጨት ሚስማር አይዝም ልጄ። የኔው በእጅ ሲያዝ ዕቃ መሆኑ ይታወቃል።»

«ለበር ልክ ነዎት። ለአውሮፕላን ግን ክብደት ጠላቷ አይደል? ክንፉን ሲሠሩ ከየአጥንቱ መሐል ቀዳዳ ያወጡት ለምን ነበር?»

«እንድትቀል ነዋ።»

«ሰባት ወር ሙሉ ያቀለሏትን በአንድ ሞተር ያከብዷታል?»

ይህች ነገር ትንሽ ነካቻቸው፤ ሽማግሌ ግን በመጀመሪያው ጥያቄ እጅ አይሰጥም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ አንቺ ተምረሽ ነው የጠመጠምሽው፣ እሺ። ሦስተኛው ሽቦስ ምንድነው? ሁለት ሽቦ ያቃተው ሥራ!»

ጠቅላይዋ አልሳቀችም። የተቃጠለውን ሞተር በመፍቻ ከፍታ ሆዱን አሳየቻቸው። «እነዚህን ሁለት ጥቋቁር ቁራጮች ያያሉ? ካርቦን ናቸው። የሚሽከረከረውን እየነኩ ነው ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉት። ሲነኩ ይፋተጋሉ፣ ሲፋተጉ ይግላሉ፣ ያልቃሉ። በውዱ ውስጥ ይህ ፍትጊያ የለም፤ ሥራውን መቆጣጠሪያው በሦስቱ ሽቦዎች እያፈራረቀ ይሠራዋል። ዋጋው የጨመረውም ለዚህ ነው።»

«እንግዲያው አስነሺያቸዋ፤ እንይ።»

ከሥሩ መንኮራኩር ባለው ጣውላ ላይ መጀመሪያ ርካሹን፣ ቀጥሎ ውዱን ማራገቢያ እየገጠመች አሰረች። ጣውላውን በገመድ ከሚንጠለጠል ሚዛን ጋር አያያዘችው፤ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚጎትት ሚዛኑ ይናገራል። ባትሪዎቹ እኩል የተሞሉ ነበሩ። ርካሹ እየጮኸ ጎተተ፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ የሚዛኑ ቀስት ወደ ኋላ ማለት ጀመረ፤ በአምስተኛው ደቂቃ ቃጠሎ ሸተተና አጠፋችው። ውዱ ከዚያ አብልጦ ጎተተ። ዘጠኝ ደቂቃ ሲሞላ ቀስቱ ገና እምብዛም አልተነቃነቀም።

ጋሼ ቅናሽ ርካሹን ቢነኩ ጣታቸውን አቃጠላቸው። ውዱን ቢነኩ ለብ ያለ ነው። ያን ጊዜ ፊታቸው በራ፤ የረቱ መሰላቸው።

«ያዝኩሽ! ይኼ ሰነፍ ነው። የሠራ ሰው ያልበዋል ልጄ! የኔው ይኸው ላቡ ሲንቆረቆር፤ ያንቺው እንደ ቢሮ ሹም ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ሚዛኑ አድልቶለት እንጂ!»

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይህ ነው። ጋሼ ቅናሽ በላባቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ላብ ለእሳቸው የደግነት ማኅተም ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በቁጥር መርታት ይቻላል፤ ማሳመን ግን አይቻልም። ጠቅላይዋም ይህን አላጣችውም፤ ሚዛኑን ትታ በርጩማ ሳበችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ መላጊያዎ ምላጩ ሲደነዝ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«አይሠራማ። ታግለሽ፣ ገፍተሽ፣ ወገብሽ ተቆርጦ እንጨቱን ትቦጫጭሪዋለሽ።»

«ማን ነው ታዲያ የሚያልበው?»

«እኔ ነኛ።»

«ሲሳልስ?»

«ሲሳልማ ምኑ ይወራል! እንጨቱ ራሱ ሸርተት እያለ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ብልግ አይደክመኝም።»

«ላቡ ታዲያ የሥራው ነው ወይስ የድንዝነቱ?»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥር ሥራቸው ሲሠሩ የነበሩትን ሁሉ፣ ላብ ሲያንጠፈጥፋቸው ካዩ፣ «ሂድ ምላጭህን ሳል፣ አትታገል!» እያሉ ሲቆጡ የኖሩት ጋሼ ቅናሽ ራሳቸው ናቸው። የገዛ ቃላቸው ዞሮ መጣባቸው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ።

«እና ይኼ ግለት…»

«የባትሪው ጉልበት ነው፤ ወደ አየር መግፋት ሲገባው ሞተሩን ሲያቃጥል የቀረ። የሚያልበው ስለሠራ አይደለም፣ ስላባከነ ነው።» ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ውድ ሁሉ ደግ ነው አላልኩም። ለትንንሾቹ ያ ርካሹ ይበቃቸዋል፤ ሁለት ደቂቃ ዞረው ለሚወርዱት ይህን ይግዙ ብልዎ ዋሽቻለሁ። ለትልቋ ግን አይሆንም። ብትወድቅ ሞተሩን ዳግም ይገዙታል፤ እሷን ግን…»

«ዳግም አልሠራትም» አሏት። «ዓይኔ እየሄደ ነው ልጄ። ለባለቤቴም አልነገርኩም። ይህች የመጨረሻዬ ናት።»

ጠቅላይዋ ውዱን ሞተር ከጣውላው ፈትታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው። «እንግዲያው ለባለቤትዎ ይንገሯቸው» አለች፤ «እሑድም ይዘዋቸው ይምጡ። እኔም እመጣለሁ።»

ጋሼ ቅናሽ ተነሥተው መደብሩ ሄዱና ሞተሩን ከነመቆጣጠሪያው ገዙት። ቅናሽ መጠየቃቸው እንዳለ ነው፤ ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም።

እሑድ ሜዳው ላይ አውሮፕላኗ ሣሩን ጥቂት ሮጣ ብድግ አለች። ጩኸቷ ትንሽ፣ ጉልበቷ ብዙ ነበር። እስከ ዛሬ ጋሼ ቅናሽ ሲያበርሩ አንድ ጆሮአቸው ከሞተሩ አይነሣም ነበር፤ ሲደክም ሲሰሙ የሚያርፉበትን መፈለግ ነው። አሁን አምስት ደቂቃ፣ ስድስት ደቂቃ አለፈ፤ ሞተሩ እንዳለ ነው። ያን ጊዜ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ሬዲዮውን ለዓመታት አብሯቸው ላበረረው ጡረተኛ ሹፌር ሰጡት።

«ያዝልኝ። እኔ ልያት።»

ሹፌሩ ሬዲዮውን ይዞ፣ «እውነት ይኼ ሁሉ ዋጋ ይገባዋል?» ብሎ ጠየቃቸው።

ዓይናቸውን ከሰማይ ሳይነቅሉ መለሱለት። «ለትንሿ አይገባውም፣ ገንዘብህን ያዝ። ደክመህ ለሠራኸው ግን ይገባዋል። አንደኛ አይቃጠልም፤ እኔ በቃጠሎ ብቻ ሦስት ቀብሬያለሁ። ባትሪው ዕጥፍ ይቆይልሃል። ቀላል ስለሆነ ክንፍህ አይጨነቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልብህ ያርፋል፤ ልብህ ሲያርፍ ነው የሠራኸውን የምታየው። ሰው ርካሽ ሲገዛ ዋጋውን ብቻ ያያል፤ ድካሙን ግን አያሰላም። እኔ ይህን በስተርጅና ተማርኩ፤ አንተ ቶሎ ተማር።»

አውሮፕላኗ ክንፏን አጋድላ ፀሐዩን ተሻገረች። ባለቤታቸው ክንዳቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ሁሉን ሰምተዋል፤ አልቅሰውም ጨርሰዋል።

ጠቅላይዋ ጠጋ ብላ፣ «ይታይዎታል ጋሼ?» አለቻቸው።

«ትታየኛለች። ይህን ያህል ዓመት ስሠራ አንዷንም አይቻት አላውቅም ነበር'ኮ፤ የት ትወድቅብኝ ይሆን እያልኩ መሬት መሬቱን ነበር የማየው። አሁን ዓይኔ ከፈለገ ይሂድ፤ ባዶ እጁን አይሄድም።»